የላፍቶው ቤትና የፓሪሱ ፕሮፌሰር

በ2003 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ላፍቶ ወደሚገኘው የወላጆቼ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። የላከው ባንክ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለእንጨት ሥራው የወሰደውን ብድር በጊዜው ባለመክፈሉ፣ በሠላሳ ቀናት ውስጥ ዕዳው ተጠቃሎ ካልተከፈለ በመያዣ የተሰጠው ቤት በሐራጅ እንደሚሸጥ ይገልጻል። አባቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። በቤቱ ውስጥ ሕግ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዳኛ ሳያየው፣ ፍርድ ቤት ሳይወስን የሰው ቤት እንዴት ይሸጣል የሚል ነው። ወንድሜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው። በዚያው በላፍቶ በተከራየው ሥራ ቤት ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያና መላጊያ ማሽኖች አሉት። ማሽኖቹ አዲስ በነበሩበት ጊዜ ዋጋቸው ከብድሩ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ባንኩ እነሱን ትቶ የአባባን ቤት ለምን ያዘ ይል ነበር።

ለሁለቱም የሚሆን መልስ በእጄ አልነበረም። ማታውኑ አቧራ የጠጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመደርደሪያ አውርጄ ስለ መያዣ የሚናገሩትን ክፍሎች ማንበብ ጀመርኩ። አንቀጾቹን ሳገላብጥ ያደርኩት ቤቱን ለማዳን ነው። ይሁንና እግረ መንገዴን፣ ለዓመታት ስማቸውን ስጠራ ኖሬ ስለ ሕይወታቸው ግን ምንም ከማላውቃቸው ሰው ጋር ተገናኘሁ። ሰውየው የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ስማቸውን በመጀመሪያው ዓመት ይሰማል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኔም ከዚያ ክረምት በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከግሬኖብል እስከ ሮም

ሬኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 ፓሪስ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳሉ በግሬኖብል የሕግ መምህርነት ተሾሙ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ መምህር ዋነኛ ሥራ የናፖሊዮንን የ1804 ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ መተንተን ነበር። ወጣቱ ፕሮፌሰር ግን ዓይናቸውን ወደ ጎረቤት አገሮች ጣሉ። አንድ ችግር እዚህ እንዲህ ሲፈታ ድንበሩን ሲሻገሩ በሌላ መንገድ የሚፈታው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ሮም ሄዱ። በዚያ በመንግሥታቱ ማኅበር ጥላ ሥር እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመ፣ የአገሮችን የግል ሕግ ለማቀራረብ የሚሠራ ተቋም ነበር፤ ዛሬ ዩኒድሯ በሚል አጭር ስም ይታወቃል። ዳቪድ የተቋሙ ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። ኧርንስት ራቤል የተባለው ታላቁ ጀርመናዊ የሕግ ሊቅ የዓለም አቀፍ የሽያጭ ሕግን አንድ ለማድረግ ጥናቱን የጀመረውም በዚሁ ተቋም አማካይነት በእነዚያ ዓመታት ነው። ከሮም በኋላ ዳቪድ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በካምብሪጅ ተማሩ። የእንግሊዝን ሕግ በቅርብ ማየታቸው ኋላ ለአገራችን ሕግ የሚጠቅም ስንቅ ሆኗል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ ማስተማር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ ስለ ንጽጽራዊ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1954 ከአዲስ አበባ ጥሪ ሲደርሳቸው፣ የዳቪድ ሙያ የአገራቸውን ሕግ ጠንቅቆ ማወቅ ብቻ አልነበረም። ሙያቸው የአገሮችን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነበር።

አንድ ማሽን፣ አምስት አገር

ይህ ሙያ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የገባኝ በወንድሜ መላጊያ ማሽን በኩል ነው። እስቲ አንባቢዬ፣ ያንን ማሽን ይዘን ዳቪድ ረቂቃቸውን መጻፍ በጀመሩበት ዘመን ዓለምን እንዙር።

አናጢው ብድር ይፈልጋል፤ ማስያዝ የሚችለው ማሽኑን ብቻ ነው። ችግሩ አበዳሪው ማሽኑን ወስዶ መጋዘን ካስገባው አናጢው በምን ሠርቶ ይከፍላል? ማሽኑ አናጢው ዘንድ ከቀረ ደግሞ ነገ ለሌላ ሰው ሸጦት ወይም ለሌላ አበዳሪ አስይዞት ቢገኝስ? የመያዣ ሕግ ሁሉ ቋጠሮ ይህ ነው። እያንዳንዱ አገር ቋጠሮውን የፈታው በራሱ መንገድ ነው።

ፓሪስ ላይ ዋናው ደንብ ዕቃው ለአበዳሪው ይሰጥ የሚል ነው። ይሁንና ፈረንሳዮች ለየችግሩ የተለየ ሕግ እያወጡ ደንቡን ሸርሽረውታል። በ1909 ነጋዴው የንግድ መደብሩን ሳይለቅ እንዲያስይዝ ፈቀዱ፤ በ1951 ደግሞ ለመሣሪያ መግዣ የተሰጠ ብድር በመሣሪያው ላይ በምዝገባ እንዲረጋገጥ አደረጉ። ጀርመን ውስጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ርክክብን ይጠይቃል። ነጋዴዎቹ ግን ዘዴ አገኙ፤ ባለዕዳው የማሽኑን ባለቤትነት በወረቀት ለአበዳሪው ያስተላልፋል፣ ማሽኑ ግን ከሥራ ቤቱ ንቅንቅ አይልም። ፍርድ ቤቶቹም ይህንን ተቀበሉት።

ለንደን ላይ አናጢው ኩባንያ ካቋቋመ ነገሩ ይቀላል። እንግሊዞች ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተንሳፋፊ የሚባል መያዣ አላቸው። መያዣው በኩባንያው ንብረት ሁሉ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጣውላው ይገባል፣ ወንበሩ ተሸጦ ይወጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር ግን መያዣው በዚያን ጊዜ በተገኘው ንብረት ላይ ያርፋል።

አሜሪካ የባሰ ነበረች። እዚያ የመያዣ ሕግ የየስቴቱ ጉዳይ በመሆኑ፣ በአንዱ ስቴት የጸና ውል ወንዝ ተሻግሮ ሌላው ስቴት ሲገባ አከራካሪ ይሆን ነበር። የስሙና የፎርሙ ዓይነት ብዛትም ለጉድ ነው። እነ ካርል ሌዌሊንና ግራንት ጊልሞር የደከሙበት ወጥ የንግድ ሕግ፣ በዘጠነኛ ክፍሉ ይህንን ሁሉ በአንድ ስምና በአንድ የምዝገባ ሥርዓት ለመጠቅለል ሞከረ። ሕጉን መጀመሪያ የተቀበለችው ፔንሲልቬንያ ስትሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1953 ነው። ዳቪድ ለኢትዮጵያ መጻፍ ሲጀምሩ ሌሎቹ ስቴቶች ገና ዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር።

አምስተኛዋ አገር የእኛዋ ናት።

በፈረንሳይኛ የተረቀቀ የኢትዮጵያ ሕግ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ያቋቋሙት በ1946 ዓ.ም. ነው። የወንጀለኛ መቅጫው ለስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የንግድ ሕጉ ለፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ፣ ከሁሉ የሚሰፋው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለዳቪድ ተሰጠ። ኤስካራ ሥራቸውን ሳይጨርሱ እ.ኤ.አ. በ1955 በማረፋቸው፣ ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ተክተዋቸዋል።

ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ረቂቅ በክፍል በክፍል ወደ ኮሚሽኑ ይቀርባል። ኢትዮጵያውያን አባላት ይከራከሩበታል፣ ይቀበሉታል፣ ያሻሽሉታል። ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለፓርላማ ይሄዳል። በመጨረሻ 3,367 አንቀጾች ያሉት ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የንግድ ሕጉም የታወጀው በዚያው ቀን ነው።

ብዙዎች ሕጉን የፈረንሳይ ሕግ ግልባጭ አድርገው ያዩታል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ዳቪድ የ150 ዓመት አሮጌ የነበረውን የአገራቸውን ሕግ እንዳለ ይዘው አልመጡም። የስዊዘርላንድን፣ የጣሊያንን፣ የግሪክንና የግብፅን ሕጎች አገላብጠዋል፤ ከእንግሊዝም የወሰዱት አለ። ሥራው ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 በአንድ የአሜሪካ የሕግ መጽሔት ላይ በጻፉት ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያ ሕጓ ከልማድ ቀስ በቀስ እስኪበቅል ሦስት መቶ ወይም አምስት መቶ ዓመታት መጠበቅ እንደማትችል፣ ሕጉም ያለውን ከመመዝገብ ይልቅ የወደፊቱን መንገድ የሚያሳይ መሆን እንዳለበት ተከራክረዋል። የሕጉ አንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ልማዶችን ሁሉ በአንድ ብዕር መሻሩ የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ በዳቪድ ላይ የተሰነዘረው ትችት በአብዛኛው በዚች አንቀጽ ዙሪያ ይሽከረከራል።

በመያዣ በኩል ግን ነገሩ የተለየ መልክ አለው። ከአንቀጽ 2825 ጀምሮ ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ መያዣ፣ ከአንቀጽ 3041 ጀምሮ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ይናገራል። ከአንቀጽ 3117 እስከ 3130 ድረስ ደግሞ ባላገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ወለድ አገድን እናገኛለን። አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱን ይይዛል፣ ፍሬውን ይበላል። የፈረንሳይም ሕግ ተመሳሳይ ነገር ነበረው፤ እዚያ ግን እምብዛም የማይሠራበት ነበር። እዚህ አገር ሲደርስ የሚስማማው ስም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ለነገሩ መያዣ ራሱ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ብድርና ስለ መያዣ ይናገራል።

የወንድሜ ጥያቄ መልስ ያለው ከአንቀጽ 2825 ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል መሠረት የሚንቀሳቀስ ዕቃ መያዣ መሠረቱ ርክክብ ነበር። ዕቃው ወደ አበዳሪው ወይም ሁለቱ ወደ ተስማሙበት ሦስተኛ ሰው መሄድ ነበረበት። ወንድሜ በዚህ መንገድ ማሽኑን ቢያስይዝ ኖሮ ሥራ ቤቱ በማግሥቱ ይዘጋ ነበር። በንግድ ሕጉ በኩል የንግድ መደብርን ከነመሣሪያው ሳይለቁ በምዝገባ ማስያዝ ይቻል እንደነበር አውቃለሁ። ነገር ግን በሥራ ላይ አበዳሪዎች የሚያምኑት ነገር አንድ ነበር፤ እሱም ካርታ ያለው ቤት ነው። የእንጨት ማሽን በሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። የላፍቶው ቤት የትም አይሄድም።

መዝገብ የሌለው ሕግ

ዳቪድ ይህንን አላሰቡበትም ይሆን? ብዬ ለረጅም ጊዜ ጠይቄያለሁ። የጀርመኑንም ሆነ የእንግሊዙን መንገድ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት በዚያ ዘመን አስቸጋሪ ነበር። የእኔ ግምት ይህ ነው። ዕቃ ሳይሰጥ ማስያዝ የሚቻለው ሁሉም ሰው የሚያየውና የሚያምነው መዝገብ ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም።

ስለ መዝገብ ዳቪድ ምን ያህል እንደተጨነቁ ለማየት አንቀጽ 1553ን ከፍቶ ማንበብ ይበቃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዴት እንደሚቋቋም፣ ማን እንደሚይዘው፣ ስህተት ሲገኝ እንዴት እንደሚታረም በዘጠና በሚሆኑ አንቀጾች ዘርዝረውታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣም የሚጸናው በመዝገብ ሲገባ ነው፤ ምዝገባው ለአሥር ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ስንገልጥ ግን አንቀጽ 3363ን እናገኛለን። ይህ አንቀጽ የመዝገቡን ድንጋጌዎች ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ያግዳቸዋል። ዘጠና አንቀጽ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ታውጆ፣ በአንድ አንቀጽ ተኛ። ምዝገባው በየማዘጋጃ ቤቱ በቀድሞው አሠራር ቀጠለ።

በ1967 ዓ.ም. አብዮቱ ሲመጣ ከመዝገቡ በፊት መሬቱ ራሱ ተነሣ። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 እና የከተማ ቦታ አዋጅ ቁጥር 47/1967 መሬትን መሸጥን ብቻ ሳይሆን በመያዣም ሆነ በወለድ አገድ ማስተላለፍን ከለከሉ። ዳቪድ ከባላገሩ ጋር ያገናኙት ብቸኛው ድልድይ ተሰበረ ማለት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን አጸና። በከተማ ለአበዳሪ የቀረው በመሬቱ ላይ የቆመው ቤትና፣ በኋላም የሊዝ መብቱ ሆነ።

የአባቴ ጥያቄ

ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። ዳኛ ሳያየው የሰው ቤት ይሸጣል ወይ?

በዳቪድ ሕግ አይሸጥም ነበር። አንቀጽ 2851 እና አንቀጽ 3060፣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር አበዳሪው መያዣውን እንዲወስድ ወይም ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይከተል እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህ ሐሳብ እጅግ ረጅም ዕድሜ አለው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ፣ ባለዕዳው ካልከፈለ መያዣው የአበዳሪው ይሁን የሚለውን ውል ከልክሎ ነበር። ፈረንሳይም፣ ጀርመንም፣ ስዊዘርላንድም ይህንን ክልከላ ወርሰዋል። እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄደው፣ የተበዳሪውን ንብረቱን ከፍሎ የማስመለስ መብት ዳኞች እንዲጠብቁት አድርገዋል። የአገሮች ሕግ በብዙ ነገር ቢለያይም፣ ገንዘብ የቸገረው ሰው በመጨነቁ ብቻ የማይፈርመው ወረቀት እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ዳቪድም ይህንን ጥበቃ ወደ እኛ ሕግ አስገቡት።

ሕጉ በዚህ መልኩ 37 ዓመት ገደማ ቆየ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች የተለየ በር ከፈተ። ባንኩና ባለዕዳው በውል ከተስማሙ፣ ባንኩ ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ምክንያት ነበረው። የፍርድ ቤት አፈጻጸም ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ የባንክ ገንዘብ የአስቀማጩ ሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያልተመለሰ ብድር ለቀጣዩ ተበዳሪ አይደርስም። ባንክ ውስጥ የሚሠሩ ጓደኞቼ ይህንን ሲያስረዱኝ አልተከራከርኳቸውም። እነሱም ትክክል ናቸው።

በማግሥቱ ለአባቴ መልሱን ነገርኳቸው። አዎ ይሸጣል፣ እርስዎም ውሉ ላይ ፈርመዋል አልኳቸው። ዝም አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ወረቀቱን ሲፈርሙ ማንም እንዳላነበበላቸው ነገሩኝ። እኔ በዚያን ቀን አብሬያቸው ልሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። በጎረቤት ስለተከፈተው አዲስ ካፌ እያወራን እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ።

የክልሎቻችን ነገር

ዳቪድ ዛሬ በሕይወት ኖረው ወደ አዲስ አበባ ቢመለሱ፣ የሚያወዳድሩት አገርን ከአገር ጋር ብቻ አይሆንም ነበር። ክልልን ከክልል ጋር ለማወዳደርም ብዙ ነገር ያገኙ ነበር።

እንደሚታወቀው ሕገ መንግሥቱ የንግድ ሕግን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለአንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አስፈላጊ ነው ተብሎ ካልታመነበት በቀር የክልሎች ነው። በዚህም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በኩል ግን የ1952ቱ ሕግ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ልዩነቱ የገባው በመሬት በር ነው። የ1997 ዓ.ም. የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ ሲፈቅድ፣ ስለ ገበሬው ይህንን አላለም። የአማራ ክልል ግን በ2009 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 252 የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ መንገዱን በአገር አቀፍ ደረጃ ከፈተ። በመሆኑም በእነዚያ ዓመታት መካከል፣ ሁለት ገበሬዎች ተመሳሳይ ማሳ እያላቸው አንዱ ብድር የሚያገኝበት፣ ሌላው የማያገኝበት ሁኔታ ነበር። የሚለያያቸው የክልል ወሰን ብቻ ነው። አሜሪካኖች በየስቴቱ ያዩት ችግር በእኛም አገር በሌላ መልክ ታይቷል ማለት ይቻላል።

ይህ መብት ለገበሬው በረከት ይሁን መዘዝ ገና ያከራክራል። ብድር የሚያስገኝ መሬት በብድር የሚሄድ መሬትም ነው። የላፍቶውን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ይህንን በቀላሉ አይዘነጋውም።

የመጨረሻ ዓመታት

ሬኔ ዳቪድ ከኢትዮጵያ ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 የዘመኑን ታላላቅ የሕግ ሥርዓቶች የሚያወዳድረውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ የዓለም የሕግ ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 ከፓሪስ ወደ ደቡብ ፈረንሳይዋ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የኢራስመስ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ሽልማቱን ያገኘው ሌላው ተሸላሚ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ትዝታቸውን ጽፈው አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በ84 ዓመታቸው አረፉ።

ያረቀቁት ሕግ ንጉሡን አልፎ፣ ደርግን አልፎ ከእኛ ዘመን ደርሷል። የቤተሰብ ክፍሉ በ1992 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ በአዲስ ተተክቷል። በዘመኑ አብረውት ከወጡት መካከል የወንጀለኛ መቅጫው በ1997፣ የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. ተቀይረዋል። የውልና የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ክፍሎቹ ግን ዛሬም በየባንኩ ጠረጴዛና በየችሎቱ ይጠቀሳሉ።

ለወንድሜ ጥያቄ ሙሉ መልስ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንን፣ ሰብልን፣ እንስሳትንና ተሰብሳቢ ሒሳብን ሳያስረክቡ በምዝገባ ማስያዝን በሰፊው ፈቀደ፤ መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ ሥር እንዲቋቋም አደረገ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ስም ያለው ሕግ አውጥታለች። የሁለቱም መነሻ እ.ኤ.አ. በ2016 በተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን የወጣው ሞዴል ሲሆን፣ የሞዴሉ ሐሳብ ደግሞ ወደ ኋላ ሲመዘዝ ከፔንሲልቬንያው ዘጠነኛ ክፍል ይደርሳል። ፈረንሳይ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጓን አሻሽላ ርክክብ የሌለበትን መያዣ በአጠቃላይ ደንብነት ተቀብላለች። ዳቪድ ባስተማሩበት አገርም፣ ሕግ በሰጡት አገርም የመላጊያው ማሽን ከሥራ ቤቱ ሳይወጣ መያዣ መሆን ቻለ።

ሕግ ከአገር አገር የሚለያየው አንዱ ብልህ ሌላው ሞኝ ስለሆነ እንዳልሆነ ከዳቪድ ሕይወት ተምሬያለሁ። እያንዳንዱ አገር የሚያበድረው በሚያምነው ነገር ላይ ነው፤ አንዱ ኩባንያን ያምናል፣ አንዱ መዝገብን፣ አንዱ መሬትን። እኛ ለስድሳ ዓመት ያመንነው የአባቶቻችንን ቤት ነበር። ዳቪድ መዝገቡን በዘጠና አንቀጽ ጽፈው ሰጡን፤ መዝገቡን መገንባት ግን የአርቃቂ ሥራ አልነበረም። አዲሱም አዋጅ ቢሆን የሚፈተነው በዚሁ ነው። ወረዳ ላይ ካርታ የጠፋበት፣ ዕዳና እገዳ ለማጣራት ቀናት የተመላለሰ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

የላፍቶው ቤት አልተሸጠም። በሃያ ስምንተኛው ቀን ዕዳው ተከፈለ። እናቴ ዕቁቧን ከሰብሳቢው ለምና ቀድማ አወጣች፣ ውጭ አገር ያለችው እህታችን ላከች፣ እኔም ያለኝን ጨመርኩ። ያም አልበቃም። ወንድሜ ማሽኖቹን ሁለቱንም በግማሽ ዋጋ ሸጣቸው። ባንክ በመያዣነት ያልፈለጋቸው ማሽኖች የገዛቸው ሰው ሳይከራከር በአንድ ቀን ጫናቸው።

ወንድሜ አሁን ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ጀሞ ውስጥ የቤት ዕቃ ይሠራል። አዲሱ አዋጅ በወጣ ጊዜ ነገርኩት። ማሽን ያለው ሰው ከእንግዲህ ቤት ባይኖረውም ሊበደር ይችላል አልኩት። እጁ ላይ የነበረውን የብርጭቆ ወረቀት አስቀመጠና ለጥቂት ጊዜ አሰበ። ከዚያም ማሽን መግዣውንስ ማን ያበድረኛል ሲል ጠየቀኝ። ሕጉ ለመግዣ የተሰጠ ብድር በሚገዛው ማሽን ላይ ሊረጋገጥ እንደሚችል አስረዳሁት። በዚህ ጊዜ ግን ውሉን ከመፈረሙ በፊት እኔ አብሬው ሄጄ አነበዋለሁ።